ምርቃቱ የጽጌ፣ መብራቱ የእኔ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰላም ለአዲሱ ቤቷ የሚንጠለጠል የብርጭቆ መብራት ልትገዛ መቱ ከተማ ወጥታ ሦስት ካርቶን አቅፋ ተመለሰች። ዘንድሮ ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ሦስት ብርጭቆ በገመድ ካልተንጠለጠለ ቤት ቤት አይባልም።

"ባለሱቋ እኮ ታውቅሻለች" አለችኝ ካርቶኑን እየፈታች። "እትዬ ጽጌ። 'እናትሽ ልጆች ሳለን ጠርሙስ ታጥብልኝ ነበር፤ ሰላም በይልኝ' አለች።"

ጠርሙስ ታጥብልኝ ነበር! ወይ ድፍረት! ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው መቱ አቅራቢያ፣ ሁሩሙ ነው። የጽጌ እናትና እናቴ በሰፈራ ከወሎ አብረው የመጡ ናቸው፤ እኛም አንድ ጡት አልጠባንም እንጂ እህትማማች ነበርን። ጠርሙስ መቁረጥ ማንም አላስተማረኝም። ክር በላምባ ነክሬ ጠርሙሱ ወገብ ላይ እጠመጥምና ክብሪት እጭርበታለሁ፤ ነዶ ሊጠፋ ሲል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስከተው ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ስንቱ ተሰነጣጥቆ ቀረ፣ እጄን ስንቴ ቆረጠኝ! ጠርዙን በእርጥብ ድንጋይ እፍቅና ሽቦውን በአንገቱ አሾልኬ አምፖሉን ሆዱ ውስጥ ሳበራው፣ ያ ተራ ቡናማ ጠርሙስ ማር የመሰለ ብርሃን ይሰጣል።

ጽጌ መቱ፣ እትዬ ብርቄ ካፌ ትሠራ ነበር። እትዬ ብርቄ ካፌውን አድሰው በዘመናዊ መብራት ሊያሳምሩት እንደሆነ ስትነግረኝ ልቤ ዘለለ። የካፌው ካማራቸው ሊከፍቱት ላሰቡት ሆቴልም የምሠራው እኔ ነኝ ብዬ ተመኘሁ። በእጄ ሥራ የምታወቅ ሰው መሆን ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ሕልም አልነበረኝም።

"ሁሩሙ ተሠራ ካልናቸው የቢራ ጠርሙስ ነው ብለው ይስቁብናል" አለችኝ ጽጌ። "ከአዲስ አበባ መጣ እንበል። ከወደዱት በኋላ እውነቱን እንነግራቸዋለን።"

ነገሩ እውነት ነው፤ እኛ ዘንድ ከሩቅ ያልመጣ ነገር አይከበርም። እሺ አልኳት። ወይ ሞኝነቴ!

ነሐሴ ነበር። ዘጠኝ ብርጭቆ በቡና ገለፈት ቀብሬ፣ ካርቶኑን ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤ፣ መኪናው ባንገጫገጨን ቁጥር ትንፋሼን እየዋጥኩ ሄድኩ። የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ እኔ ግን እጄን ከካርቶኑ አንስቼ ልገዛ አልደፈርኩም። አንድም ሳይሰበር መቱ ገባሁ። አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ እንዲሰቀል፣ በአንድ መስመር ከሆነ ሰልፍ እንደሚመስል ለጽጌ አስረዳኋት። ልክ እንዳልኳት አሰቀለችው።

የምርቃቱ ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። ከባንኮኒው በላይ ዘጠኙም ሲበሩ ሰዉ ሁሉ አንጋጠጠ። ሊመርቁ የተጠሩት ሽማግሌ ኦቦ ደበላ ተነሡና "ኤኙቱ ሆጄተ?" አሉ፤ ማነው የሠራው ማለታቸው ነው። "የሠራውን እጅ ሳልመርቅ ቤቱን አልመርቅም።"

ዓይኔን ጽጌ ላይ ጣልኩ። በቃ፣ አሁን ትጠራኛለች አልኩ በልቤ።

"እኔ ነኝ አባባ" አለች ጽጌ።

እትዬ ብርቄ ደነገጡ። "ከአዲስ አበባ ነው አላልሽኝም እንዴ?"

"አፍሬ ነው እትዬ። የሁሩሙ ልጅ ሠራችው ብል ይንቁብኛል ብዬ ነው።"

እፍረቴን እንኳ አልተወችልኝም! ሽማግሌው ሁለት እጇን ይዘው እንትፍ እንትፍ አሉባት፤ እጅሽ ይባረክ፣ የነካሽው ይለምልም ብለው በአፋን ኦሮሞ መረቋት። ሽማግሌ እየመረቀ ጣልቃ መግባት እኛ ዘንድ እርግማን ይጠራል። እኔም እንደ ሰዉ መዳፌን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

በኋላ ከካፌው ጀርባ ያዝኳት። "ምን አደረግሁሽ ጽጌ?" አልኳት እያለቀስኩ።

"አፍሽ የት ነበር?" አለችኝ፤ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። "ደግሞ አሜን ስትይ ሰምቼሻለሁ።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉ የለ! የሆቴሉ ሥራ የእሷ ሆነ። ጠርሙስ መቁረጥ የት ታውቅና፣ ተሠርቶ ያለቀ መብራት ከአዲስ አበባ እያስመጣች ሰቀለች፤ ኋላም ሱቅ ከፈተች፣ ለመለመች። ምርቃቱ ያዘላት። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርሙስ ቆርጬ አላውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእሷ ውሸት ነው ወይስ የእኔ አሜን፣ ለይቼ አላውቀውም።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለሰላም ዘርዝሬ ነገርኳት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ኦቦ ደበላም እትዬ ብርቄም አርፈዋል፤ ካፌው ለመንገድ ሥራ ፈርሷል፤ ምስክር የለኝም። ልጄ አንዴ ካርቶኖቹን፣ አንዴ እኔን ስታይ ቆየች።

"ምናልባት እሷ ረስታው ይሆናል" አለች።

ተነሥታ መጥታ ትከሻዬን አቀፈችኝ።

"አምንሻለሁ እማዬ" አለችኝ።

ልጅ እናቷን ስታምን እንዲህ አትልም።