ለሃዊ ጀምሬ የተውኩት ደብዳቤ

ላፕቶፓችሁ በጣም በቸኮላችሁበት ሰዓት ድርቅ ብሎባችሁ «ምን ነካው?» ብላችሁ አታውቁም?

ዛሬ እዚህ ሰበታ፣ ኦቦ ቶሌራ ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ የሥራ ማመልከቻ ስሞላ የእኔው ቆመ።

«ታመመ እንዴ?» አሉኝ ኦቦ ቶሌራ።

«አይ፣ ሜሞሪው ሞልቶ ነው። ቦታ ሲጠበው ብዙ ጊዜ ያልተነካውን ይፈልጋል። ፋይል ላይ ስላለ እንደገና ሊነበብ የሚችለውን ይጥለዋል። ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለውን ግን መጣል ስለማይችል ዲስክ ላይ ያቆየዋል፤ ሲጠራ ይመልሰዋል።»

(በኮምፒውተር ዲግሪዬ የሠራሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው። በነፃ።)

ስክሪኑ ላይ የተከፈቱትን መስኮቶች ልዘጋ ስል አንዱ ብዙ ቆይቶ መጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሬ ሴቭ ያላደረግኩት ደብዳቤ ነው። የላፕቶፑን ክዳን እዘጋለሁ እንጂ ስለማላጠፋው እንደተከፈተ ቆይቷል።

«ሃዊ፣ ዶርም በር ላይ ተቀምጠን የምናጠናው ናፍቆኛል። አንቺ ደግሞ» ይልና እዚያው ላይ ያበቃል።

ሃዊ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ ቀድማኝ ሱሉልታ ሥራ ይዛለች። መሃላችን ያለችው አዲስ አበባ ብቻ ናት። እኔም ሥራ ሳገኝ ደብዳቤውን እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር።

ኦቦ ቶሌራ ከኋላዬ ሆነው አነበቡት። «ይሄ ማሽን የምትወጂውን አያውቅም ማለት ነው?»

«አያውቅም። መቼ እንደነካሁት ብቻ ነው የሚያየው።»

«እሷስ በምን ታውቃለች፣ ልጄ?»

ማመልከቻውን ትቼ ደብዳቤውን ጨረስኩና ላክሁላት። እስካሁን አልመለሰችም፤ ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ።

እናንተስ፣ «ነገሬ እስኪስተካከል» ብላችሁ ያቆያችሁት ሰው አለ? የእሷ መልስ እስኪመጣ የእናንተን ላንብብ፤ ጻፉልኝ።