ያላጠብኩት ጋቢ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለእራታችን፣ ለበቆሎ ኩርኩፋ፣ የሚሆን የሽፈራው ቅጠል እለቅም ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከኩልፎ ወንዝ በኩል የእርጥብ አፈርና የሙዝ ሽታ ይመጣል። ልጄ ሶስና እንደ ልማዷ ስልኬን ይዛለች። ጡረታ ለሚወጡት አስተማሪዋ ክፍሉ ጋቢ ሊሸልም ተስማምቶ፣ እናቷ ሸማ ነጋዴ ናት ተብሎ የመምረጡ ሥራ ለእሷ ተሰጥቷል። እኔ ያሳየኋትን ሁሉ ናቀችና ኢንተርኔት ላይ ወዳለ አንድ የቆየ የጨረታ ገጽ ገባች።

"እማዬ፣ ይሄ እንዴት ያምራል! የጨንቻ ነው።" ገጹን ወደ ታች ሳበችው። "ውይ፣ ሰውዬው አታላይ ነው ለካ። አንዲት ሴትዮ ጽፋበታለች።"

ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው። "አንዴ ሲታጠብ ተኮማተረ፤ ጥለቱም ለቀቀ። የፋብሪካ ጨርቅ እንጂ የእጅ ሥራ አይደለም። ከማሴቦ አትግዙ።"

እጄ ቅጠሉ ላይ ቀረ። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ገና አላገባሁም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከአንድ በር የማትበልጥ ሱቅ ነበረችኝ። በገበያ ቀን ጨንቻ እየወጣሁ ከሸማኔዎች እገዛለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከታች ላብ እያጠመቀው የተነሳ ሰው ጠመዝማዛው ሲያልቅ ጉም ውስጥ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። የጨረታው ገጽ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ሻጭ ፎቶ ይለጥፋል፣ ገዢዎች ከየከተማው ዋጋ ይጨማምራሉ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ከፍተኛውን የጠራ ይወስዳል። ዕቃው የደረሰው ሰው ደግሞ ሥሩ አስተያየቱን ይጽፋል።

ማሴቦ በላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ የሚኖር የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነው። እናቱ ትፈትላለች፣ አባቱ ጋሽ ሻንቆ ይሸምናሉ፣ እሱ ይሸጣል። የእሱ ጋቢ ገና ሲለጠፍ ገዢ ይሻማበታል። የእኔን ደግሞ "የማሴቦ ነው?" ብለው ይጠይቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። እኔ በእሱ ፎቶ ሥር "ዋጋው አልበዛም?" ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱ በእኔ ሥር "ጥለቱ የተጣመመ መሰለኝ" ይላል። እውነት ለመናገር ተጣሞ ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ፤ ትሕትናው ከሁሉ የባሰ ያበግነኛል።

አንድ ቀን "ሰናይት ከአዳማ" ብዬ በሌለ ሴት ስም ገባሁና የማሴቦን አንድ ጋቢ ተጫርቼ አሸነፍኩ። ጋቢው በአውቶብስ ከሱቄ ፊት ለፊት አልፎ አዳማ ያለችው አክስቴ ዘንድ ደረሰ፤ እሷም መልሳ ለእኔ ላከችው። "ልጄ፣ አርባ ምንጭ ጋቢ ጠፋ እንዴ?" ብላ በስልክ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅኩም። የሱቁን በር ዘግቼ ፈታሁትና እንከን ፍለጋ ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። ምንም አጣሁበት። ልስላሴው ደስ ብሎኝ ለትንሽ ጊዜ አቅፌው ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጄ ያነበበችውን ጻፍኩ። ውሃ እንኳ አላስነካሁትም።

ወር ሳይሞላ የማሴቦን ዕቃ የሚጫረት ጠፋ። አንድ ጠዋት እሱና አባቱ ሱቄ ድረስ መጡ። ደርሰውብኛል አልኩ። ጋሽ ሻንቆ ግን በጋሞኛ ቃና በተዋዛ አማርኛቸው፣ "ልጄ፣ አንቺ ሸማ ታውቂያለሽ" አሉኝ። "እኔ እግሬን ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አዳማ ያለች ሴት ሥራህ የማሽን ነው አለችኝ።"

ማሴቦ ቀጠለ። "የእኔን ቃል ማን ያምናል? አንቺ ግን ተፎካካሪዬ ነሽ። የእጅ ሥራ ነው ብለሽ አንቺ ብትጽፊ ሁሉም ያምንሻል፣ እህቴ።"

ጋቢው ከእግራቸው አንድ ክንድ ርቆ ባንኮኒው ሥር ሳጥን ውስጥ ነበር። "ላስብበት" አልኳቸው።

ሳልመልስላቸው ስቀር ጋሽ ሻንቆ ነገሩን ወደ ዱቡሻ ወሰዱት። ዱቡሻ በጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ሣር የለበሰ አደባባይ ነው። ማንንም አልከሰሱም፤ ሸማው የእጃቸው መሆኑ በአገር ፊት እንዲነገርላቸው ብቻ ነው የፈለጉት። እኔም ሸማ አዋቂ ተብዬ ለምስክርነት ተጠራሁ። እኛ ጴንጤዎች ዱቡሻ አናዘወትርም፤ ይህን ሰበብ አድርጌ ልቀር አስቤ ነበር። መቅረቴ እንዳያስጠረጥረኝ ፈርቼ ወጣሁ።

ሽማግሌው መረቁና "እዚህ ሣር ላይ ሐሰት አይነገርም" አሉ። ያሰብኩት ቀላል ነበር፤ የእጅ ሥራ ነው እላለሁ፣ እውነትም ነው፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ጋሽ ሻንቆ ግን አይቼ እንድመሰክር ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ጣታቸውን ክር በልቶታል።

"ሰናይት የምትባል ሴት የለችም" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ማሴቦ ብድግ አለ፤ አባቱ ነጠላውን ይዘው አስቀመጡት። አንድ አዛውንት እርጥብ ሣር ነጭተው ፊቱ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ እምቢ ማለት በጋሞ ነውር ነው። ማሴቦ እያለቀሰ ይቅር አለኝ። ሽማግሌዎቹም "ነገሩ እዚህ ቀርቷል፤ ከዛሬ ወዲያ ማንም አያንሳው" ብለው ዘጉት።

እኔም አለቀስኩ፤ ዕንባዬ የምር ነበር። ቁልቁል ወደ ቤቴ ስወርድ ግን ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ገጹ የተጻፈን ማጥፋት አይፈቅድም፤ ከሥሩ በስሜ እውነቱን መጻፍ ግን እችል ነበር። አይነሳ ተብሏል እኮ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ማሴቦ ግን ቃሉን ጠበቀ። ገዢዎች "አዳማ ያለችው ሴት ያለችው እውነት ነው?" ሲሉት አይመልስም፤ መመለስ ማንሳት ነዋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ገጹን ትቶ ሄደ፤ የእኔ ገበያ ደራ። እነሱ በየዋህነት የሰጡኝን ይቅርታ መደበቂያ አደረግኩት፤ ይህን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

"እማዬ፣ እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ ሶስና።

"ውሸት ነው።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ "ጋቢው የት አለ?" አለች። ከሳጥኑ ሥር አወጣሁት። በሩ ላይ ወጠረችውና ጫፉ የደረሰበትን በከሰል አሰመረች። ከዚያ አጠብነው፤ እሷ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን ጨመቅነው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደርቆ ጠበቀን። መልሳ ለካችው፤ ከሰሉ ላይ ልክ ደረሰ። ጥለቱም እንደነበረ ነው።

ጋቢውን እንደለበሰች ፎቶ አነሳኋትና ከድሮው ጽሑፍ ሥር በገዛ ስሜ ጻፍኩ፦ "ይህን ውሸት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋቢው የታጠበው ገና ትናንት ነው። የጋሽ ሻንቆ የእጅ ሥራ ነው።" ገጹ ላይ በቀረው ስልክ ቁጥሩ ለማሴቦም ላክሁለት።

መልሱ የመጣው ማክሰኞ ነው። "ነገሩ ሣሩ ላይ ቀርቷል፣ እህቴ። አባቴ ግን ዓምና አርፏል። ይቺን ቢያይ ደስ ይለው ነበር።"

ሽማግሌዎቹ አታንሱት ያሉት ማሴቦን እንዳናቆስል ነበር። እኔ ግን ጋሽ ሻንቆ ሊሰሙት የፈለጉትን፣ የእጅ ሥራ ነው የሚለውን አንድ ቃል፣ አብሬ ዘጋሁባቸው። ሶስና ጋቢውን ለአስተማሪዋ እንስጥ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። በመጪው ገበያ ቀን ተሸክሜው ጨንቻ እወጣለሁ፤ ክሩን ለፈተለችው ለማሴቦ እናት ነው።