በቀይ ቀለም የተጻፉ ቁጥሮች

ናካሴሮ ሰፈር ያለው ቢሯችን የሆስፒታል የኦክስጅን ማሽኖችን ይጠግናል። እኔ ስልክ አነሳለሁ። አንድ ማሽን መጀመሪያ ተበላሸ ሲሉኝ ኮምፒውተሩ ላይ ቲኬት፣ ማለትም የጥገና መዝገብ፣ እከፍትለታለሁ፤ ሲስተሙም ቁጥር ይሰጠዋል። የዚያ ማሽን የጥገና ታሪክ ከነፎቶው እዚያው ይጠራቀማል። ቴክኒሻኖቻችን ደግሞ ማንም ያላዘዛቸው ልማድ አላቸው፤ ቁጥሩን በቀይ ቀለም ማሽኑ ጀርባ ላይ ይጽፉታል። ማሽኑ እንደገና ሲቆም ነርሷ ቁጥሩን ታነብልኛለች፣ እኔ ታሪኩን እከፍታለሁ።

ባለፈው ዓመት ይህ ሁሉ መዝገብ የተቀመጠበት ሰርቨር አርጅቶ ሁሉንም ወደ አዲስ ማዛወር ግድ ሆነ። ሥራው የተሰጠው ከአስመራ ለመጣችው ባልደረባችን ነው። ጎበዝ ናት፤ ጎበዝ መሆኗንም አሳምራ ታውቃለች፤ እኛን የሚያስቸግረን እሱ ነው።

መጀመሪያ ማንም አዲስ ነገር እንዳይጽፍበት የድሮውን ሰርቨር ቆለፈችው። እየተገለበጠ ሳለ የሚጻፍ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል አለች። ቴክኒሻኖቹ ግን የጮኹት እኔ ላይ ነው። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር በሆዴ ረገምኳት።

ከሰዓት በኋላ ዝውውሩ አለቀ። የቲኬቶቹ ብዛት ልክ ነው፣ ፎቶዎቹም አሉ። አለቃችን ደስ ብሏቸው የድሮው ይዘጋ አሉ።

"አይዘጋም" አለች እሷ።

"ሁሉም ገብቷል አይደል እንዴ?"

"ገብቷል ጋሼ። ግን ቁጥሩ ተዛብቷል፤ ይዩት እስቲ።"

ድሮ በስህተት ሁለቴ የተከፈቱ ቲኬቶችን ሰርዘን ነበር። አዲሱ ሰርቨር የተሰረዙትን ዘሎ ለቀሩት በተርታ ቁጥር ሲሰጥ፣ ከኋላ ያሉት በሙሉ ወደፊት ተጠግተዋል። የጉሉ ሆስፒታል ማሽን ቁጥር ሲጻፍ የካባሌ ሆስፒታሉ ታሪክ ይከፈታል።

"ቴክኒሻኖቹ በሄዱበት ሁሉ አዲሱን ቁጥር ይጽፉበታላ" አልኩ፣ ቤቴ መግባት ፈልጌ።

"አንተ ሰው! እነሱ እስኪደርሱ ነርሷ ምን ልታነብልህ ነው? በሌላ ማሽን ታሪክ ልታስጠግናት ነው?"

ያነሳሁትን ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

ያስገባችውን ሁሉ ደምስሳ ከአንድ ጀመረች። ቲኬት በተሰረዘበት ቦታ ሁሉ ባዶ ቲኬት አስቀመጠች፤ ከማዕድ ለተነሳ ሰው ወንበሩን እንደመያዝ ነው። በማግስቱ ሮሌክሷን፣ ያን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ በአንድ እጇ ይዛ ማመሳከር ጀመረች። እኔ ቀዩን ቁጥር ከየፎቶው አነባለሁ፣ እሷ ትከፍታለች። እኔ ገና ግማሹ ላይ ሰልችቶኝ ነበር። አለቃችን "ኧረ ይበቃል" ሲሉ እንኳ ቀና አላለችም፤ "ቀጣዩን" አለችኝ። ያን ጊዜ ከልቤ አደነቅኳት፤ እንዲህ ያለ ግትርነት ቢኖረኝ ብዬም ተመኘሁ።

አዲሱን መጠቀም በጀመርን ሰሞን ከፎርት ፖርታል ወዲያ ካለ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ደወለች። አንድ ሕፃን የሚተነፍስበት ማሽን ቆሟል፤ ለሕፃኑ የገጠመችለት መጠባበቂያ ሲሊንደር ደግሞ እያለቀ ነው። ቁጥሩን እየተንተባተበች አነበበችልኝ። ጻፍኩት። የእሷው ጤና ጣቢያ፣ የእሷው ማሽን ተከፈተ። ከፎቶው ሥር ቴክኒሻኑ የዚህ ማሽን ማጣሪያ ቶሎ በአቧራ እንደሚደፈንና አውጥቶ ማራገፍ እንደሚበቃ ጽፏል። ነገርኳት። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ሲነሳ በስልኩ ሰማሁት።

"ሠራ!" ብዬ ጮህኩ። ባልደረባዬ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"የትኛው ማሽን ነው?" እስክትል ነርሷ ስልኩን ዘግታ ወደ ሕፃኑ ሄዳለች። ሰርቨር መቀየራችንን እንኳ አታውቅም።