በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ አሥራ ሁለት ዓመት

የማተሚያ ቤት ሰዎች «ወንፊት» የሚሏት ሴትዮ ቢሮ የላትም። የምትሠራው በእህቷ ቤት የጓሮ ክፍል፣ ድሮ የስፌት መኪና ይቀመጥበት በነበረ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሰው አሮጌ ደብዳቤና ማስታወሻ ታነባለች፣ ከሌላ ሰነድ ጋር ታመሳክራለች፣ ግርጌው ላይ ማብራሪያ እየጻፈች መጽሐፍ ሆኖ እንዲወጣ ታሰናዳለች። ቀጣሪ የላትም። የሚጠራት ሲገኝ ትሠራለች፣ ሳይገኝ የእህቷን ልጆች ሹራብ ትጠግናለች።

ያላት ነገር ስሟ ብቻ ነው። እሱም አንድ ጊዜ ጎድፎባታል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ደብዳቤ እውነተኛ ነው ብላ አሳተመች፤ ወረቀቱ ግን በተባለው ዘመን ገና ያልተመረተ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚደውልላት ጠፋ።

«ሁለተኛ ከተሳሳትኩ የሚያሠራኝ የለም» ትላለች ለእህቷ።

«ሹራቡ አለሽ» ትላታለች እህቷ። «እሱንም ቢሆን ክሩን ሳትጠረጥሪ አትጠግኚም።»

ስለዚህ አንድ ፋርማሲስት ሲጠራት ደስታዋም ጥርጣሬዋም እኩል መጡ። የሞቱት አባቱ ፋርማሲውን የከፈቱ ሰው ናቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት የቀን ማስታወሻ ትተዋል። ልጅየው የፋርማሲው ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር በመጽሐፍ እንዲወጣለት ፈልጓል። ጥሩ ሰው ነው፤ እንዲያውም ጥሩነቱ በዛባት። «እትዬ፣ ወንበሩ ተመችቶዎታል? እትዬ፣ መብራቱ ይበቃል?» ይላል። ደብተሩን ግን ከፋርማሲው ጀርባ ካለችው ክፍል አያስወጣም። እሷ ስታነብ እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የመድኃኒት ካርቶን እየከፈተ ይደረድራል፤ ቀና ባለች ቁጥር ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ከነከናት። ሰው በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይታመማል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀለሙ መሀል መስመር ላይ ያልቅበትና እርሳስ ይዋሳል። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ እጅ ነው። ስርዝ እንኳ የለም።

«አባትህ አንድ ቀን ቸኩለው አያውቁም?» አለችው።

«ፋርማሲስት ነበሩ እኮ እትዬ። እሳቸው ቢቸኩሉ ከተማው አልቆ ነበር።»

ሳቀች፤ ገጹን ግን መልሳ ገለጠች።

በአምስተኛው ቀን የጎርፉ ገጽ ላይ ደረሰች። ከተማው ሁሉ የሚያወራው ታሪክ ነው። «ዛሬ በመጀመሪያው ጎርፍ የፋርማሲውን በር ከፍቼ ሠላሳ ሰው አስጠለልኩ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛው ጎርፍ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ቀን የጻፈ ሰው ሌላ ጎርፍ እንደሚከተል በምን አወቀ?

ጥርጣሬዋ በልጁ ላይ አረፈ። አባቱን ጀግና ለማድረግ ራሱ ጽፎታል፣ አሁን ደግሞ የእሷን ስም ማኅተም ሊያደርገው ነው አለች በልቧ። አድራሻውን እንዲጽፍላት ጠየቀችው። የጻፈው ግን ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ከደብተሩ ጋር በምንም አይገናኝም።

ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ እናቱ ከፎቅ ሻይ ይዘው ይወርዳሉ። ብርጭቆውን ከደብተሩ አርቀው፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ለመጽሐፉ የሚሆን አንድ የድሮ ፎቶ ሰጠቻቸውና የሰዎቹን ስም ጀርባው ላይ እንዲጽፉላት ለመነቻቸው። አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው ጻፉ። የፊደሎቹ እግር ሁሉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ልክ እንደ ደብተሩ።

ልጁ ደንበኛ ጠርቶት እስኪወጣ ጠበቀች።

«እማማ፣ ይሄን ደብተር የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«ገለበጥኩት እንጂ» አሉ፣ ብዙም ሳይደነግጡ። «ሁለተኛው ጎርፍ የታችኛውን መሳቢያ ሞላው። ገጽ በገጽ አደረቅኩት። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ልጄ ያን ጊዜ ትምህርት ላይ ነበር።»

«ዋናውስ?»

«ሸተተ። ጣልኩት።»

ይህ መልስ አልተዋጠላትም። ሰባት ወር የለፉበትን ወረቀት ማን ይጥላል?

«እንዲህ ሆኖ ስሜን ላስገባበት አልችልም» አለች።

«ካላስገባሽ ልጄ ለምን ይላል።»

«እንግዲያው የእሳቸውንና የእርስዎን ይለዩልኝ።» እርሳስ አቀበለቻቸው።

ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ልጁ ደንበኛ ባስተናገደ ቁጥር፣ አሮጊቷ ገጽ እየገለጡ ከትዝታቸው የሞሉት ላይ ትንሽ መስቀል አደረጉ። መስቀሉ እሷ ካሰበችው በላይ በዛ። የጎርፉን ገጽ ግን ምንም ሳያደርጉበት አለፉት።

«ይሄስ፣ እማማ?»

«የሱ ነው።»

«'የመጀመሪያው' ይላል እኮ። ሁለተኛውን ገና ያላየ ሰው እንዴት የመጀመሪያው ይላል?»

አሮጊቷ ገጹን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉት። ከውጭ ልጃቸው ከደንበኛ ጋር ሲሳሳቅ ይሰማል።

«በሩን የከፈተው ማን ነበር?»

«በሩ ተከፍቷል። ሠላሳ ሰው ገብቷል። ከዚህ በላይ ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?»

ወንፊት ወረቀት ስባ ለመቅድሙ የሚሆነውን ጻፈችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችላቸው። «ይህ ደብተር በባለቤታቸው እጅ የተገለበጠና በከፊል ከትዝታ የተሟላ ነው። የጎርፉ ገጽ ከሁለተኛው ጎርፍ በኋላ የተጻፈ ይመስላል።»

«መገልበጤን ልጄ ይወቅ፤ ልፋት ነው፣ ነውር የለውም» አሉ አሮጊቷ። «ስለ ጎርፉ ግን 'ይመስላል' ነው ያልሽው?»

«ይመስላል ነው ያልኩት።»

«እሱን ከመቅድሙ ብታወጪውስ?»

«ስሜም አብሮ ይወጣል።»

አሮጊቷ ቀዝቅዞ የተቀመጠውን ሻይ ትንሽ ገፋ አደረጉት። «ይሁን በቃ።»

ፋርማሲስቱ ተመልሶ ሲገባ ወረቀቱን ሰጠችው። ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«አንቺ ነሽ የገለበጥሽው?»

«እኔ ነኝ። የአባትህ ጽሑፍማ ያንተን ነበር የሚመስለው፤ ማን ያነበው ነበር?»

ልጁ የመሳቅ ያህል ፈገግ አለና የእናቱን እጅ ያዝ አደረገ። ስለ ጎርፉ ገጽ ግን አንድም ቃል ሳይጠይቅ ወረቀቱን መለሰላት። ወንፊት ይህንንም ልብ አለች፤ ሳያውቀው አይቀርም። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ ከጽሑፉ ሥር ስሟን ጻፈች።