የየኔታ ወልደአረጋይ ጆሮ

የኔታ ወልደአረጋይ ከአንኮበር በታች፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ደብር ሃያ ስምንት ዓመት ድጓ አስተማሩ። ተማሪ ሲያዜም ፊታቸውን አዙረው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ከቃሉ በላይ ከተጻፉት የዜማ ምልክቶች አንዲቱን ከዘለለ፣ «ተመለስ» ይሉታል። ሌላ ቁጣ አያውቁም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አርበኞች ደብሩ ውስጥ አድረዋል ተብሎ አውሮፕላን መጣ። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከነድጓው ነደዱ። ከአርባው ተማሪ ዘጠኙ ሞቱ፤ የቀሩት ተበተኑ። የኔታን ከፈረሰ ካብ ሥር ሲያወጧቸው ገላቸው ደህና ነበር። ጆሯቸው ግን አይሰማም።

እህታቸው ወለተሐና ቤቷ ወሰደቻቸው፤ እህል ግን እንቢ አሉ። ከወር በኋላ ከተበተኑት ተማሪዎች አንዱ፣ ገብረአማኑኤል መጣ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሰባት ዓመት ተምሮ ለመመረቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። «የኔታ፣ ያስጨርሱኝ» ብሎ በከሰል ገል ላይ ጻፈላቸው።

እጃቸውን ጉሮሮው ላይ አድርገው ማስተማር ጀመሩ። ወፍራሙ የግእዝ ዜማ ደረቱ ውስጥ ሲንከባለል ይዳስሱታል፤ ቀጭኑ አራራይ ግን ከጣታቸው ያመልጣል። ቢሆንም ያን ሰሞን እህል መቅመስ ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን ገብረአማኑኤል አራራይ ላይ ሳተ። ራሱም አወቀው። የኔታ ግን፣ «ደግ፣ ቀጥል» አሉ።

ጥጥ ትፈትል የነበረችው ወለተሐና እንዝርቷን አቆመች፤ ይህን ዜማ ዕድሜ ልኳን ሰምታዋለች። የኔታ ፊቷን አዩ።

«ስቷል?»

ዓይኗን ወደ እንዝርቷ መለሰች።

«ገብረአማኑኤል፣ ስተሃል ወይ?»

አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ ጎጃም ሂድ ልጄ። እዚህ ከቆየህ ስሕተት ነው የማስተምርህ።»

እግራቸው ላይ ወድቆ ለመነ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጎጃም አልደረሰም። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ይዞት፣ ለመኪና መንገድ ተራራውን ከሚበሱት ጋር ሲሠራ ቋጥኝ ወድቆበት ሞተ። ወሬውን ያመጣው ዓወል የተባለ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነው። «አላህ ያጽናሽ እትዬ፤ ስሙን አጣርቼ ነው የመጣሁት» አላት።

ወለተሐና መጻፍ አታውቅም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፊታቸው ቆመች።

«ማን ነው?»

ጉሮሮዋን ነካች።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ የኔታ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዜማ አልተናገሩም።

ጣሊያን ሲወጣ ዲያቆናት ሊማሩ መጡ፤ ወለተሐና ከደጅ መለሰቻቸው። የኔታ በተከታዩ ዐቢይ ጾም ሞቱ። ከተማሪዎቻቸው አንድም አልተገኘም፤ ለፍትሐታቸው ከሌላ ደብር ዜማ አዋቂ ተለምኖ መጣ።