ሁሉም ከእሷ የተቆረጠ ነው

አትክልት መትከል ልብ ያሳርፋል ይላሉ። ውሸት ነው። ልቡ የሚያርፈው የተከለው ቢያፈራም ባያፈራም ግድ የማይሰጠው ሰው ብቻ ነው። እስከዚህ ሚያዝያ ድረስ እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ከቤታችን ጀርባ አራት የሃኒቤሪ ቁጥቋጦዎች አሉ። የተከለቻቸው ባለቤቴ ናት። አፐር አርሊንግተን ሰፈር አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች ትሠራ በነበረ ጊዜ የሴትዮዋ ጓሮ በዚህ ፍሬ የተሞላ ነበር፤ ከብሉቤሪ ረዘም ያለ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ኮምጣጣም ጣፋጭም። የኦሃዮን ብርድ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ አበባው ላይ በረዶ ቢወርድ እንኳ አይረግፍም። ባለቤቴ ለበር ከሚቀርበው ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ቆርጣ አመጣችና አጸደቀች። ከዚያም ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አደለች። የኛ ሰው ችግኝ አይገዛም። «እኛ ጋ እያለ ለምን ትገዣለሽ?» ይባባላል።

ሦስት ዓመት አበበ፣ አንድም ፍሬ አልሰጠም። «እንደ ፓስተራችን ነው፤ በየዓመቱ ተስፋ ይሰጣል» እያልኩ አሾፍ ነበር። እሷም ትስቅ ነበር።

ዘንድሮ ታመመች። ሕክምናው የምላሷን ጣዕም ወሰደው። ሽሮውም፣ ሾርባውም፣ ውኃውም ብረት ብረት ይላታል። ሐኪሙ «ክብደቷ ከዚህ ከቀነሰ ሕክምናውን ሆልድ እናደርጋለን፣ ለጊዜው እናቆማለን» አለን። ሆልድ ተደርጎ ከዚያስ? ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ዕድሜዬን በሙሉ ስከራከር ኖሬ፣ መከራከር ባለብኝ ቀን አፌ ተሳሰረ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት በመስኮት አበቦቹን እያየች «የዚያች አሮጊት ፍሬ ቢኖር እበላ ነበር» አለችኝ። በሦስት ወር ውስጥ እበላለሁ ያለችው ምግብ ይኸው ብቻ ነው።

አፐር አርሊንግተን ነዳሁ። አሮጊቷ ከሞተች ቆይታለች፤ ቤቱ ተሸጦ ጓሮው ሣር ብቻ ሆኗል። የፍሬውን ጃም በፖስታ አስመጣሁ። ቀመሰችና «ስኳር የተቀባ ብረት» አለች። ወደ ሉዊስ ሴንተር ሄጄ ለአንዲት ችግኝ ሻጭ የቁጥቋጦዎቹን ፎቶ አሳየሁ።

«ከአንድ እናት ከተቆረጡ አራትም አርባም ቢሆኑ አንድ ተክል ናቸው» አለችኝ። «ፍሬ እንዲይዙ ሌላ ዓይነት፣ አብሮ የሚያብብ ሃኒቤሪ ያስፈልጋቸዋል። የኔዎቹ ችግኞች ገና ናቸው፤ ሁለት ዓመት ይጠብቁ።»

ሁለት ዓመት! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስልኬን አወጣሁ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ሌላ ዓይነት አለዎት ወይ ብዬ ኮል አደረግኩላቸው። በማግስቱ ያበበ ቅርንጫፍ በባልዲ ውኃ ነክረው መጡ።

«የኔው ሌላ ዘር ነው» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ፖላሪስ ሞል ከምትሠራው እህታችን ነው የተቀበልኩት።»

«እሷስ ከማን ተቀበለች፣ ጋሼ?»

«ምን ዓይነት መርማሪ ነህ!» አሉና እዚያው ደወሉላት፤ እኔም እንድሰማ ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ከዚያ ሁሉን ከሚቃወመው ሰውዬ ሚስት ነዋ!» አለች ሴትዮዋ፤ እኔን ማለቷ ነው። «ምነው ጋሼ፣ የእርስዎ አፈራ እንዴ?»

ጋሼ ስልኩን ዘጉ። ባልዲውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«አይዞህ፣ እንጸልያለን።»

«ጸሎቱን እርስዎ ይያዙልኝ። እኔ የምፈልገው የሌላ ሰው አበባ ነው።»

«አንተ! ይህ አፍህ እኮ አይድንም» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

ከዚያ በኋላ ለሌሎች አሥር ቤቶች ደወልኩ። ሁሉም ከእሷ የተቆረጠ ነው። ባለቤቴ ከተማውን በሙሉ በደግነቷ ሞልታ፣ ለራሷ የሚሆን አንድ ባዳ አላስቀረችም።

ትናንት የመዋቢያ ብሩሽዋን ይዤ ከአበባ ወደ አበባ ስነካካ ዋልኩ። ጥቅም እንደሌለው አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። መስኮቱን ከፈት አደረገች።

«ምን እያደረግህ ነው? እየኳልካቸው ነው?»

«ለሠርግ ነው።»

«ሙሽራውስ?» አለች። ሳቀችና ሳሉ ያዛት፤ መስኮቱን ዘጋሁላት።

ዛሬ ከአበቦቹ አንዳንዶቹ መጠውለግ ጀምረዋል። የቀሩት ከሳምንት አያልፉም። ዛሬ ቢዳቀሉ እንኳ ፍሬው የሚደርሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ክብደቷ ይቆይ እንደሆነ አላውቅም። ደግሞም ፍሬው ብረት ብረት ይላት እንደሆነስ ማን ያውቃል?

ኮሎምበስም ሆነ አካባቢው ያላችሁ፣ ጓሯችሁ ያለውን ሃኒቤሪ ከሐበሻ ያልተቀበላችሁት፣ ከሱቅ የገዛችሁት ከሆነና አሁን ካበበ፣ ምክራችሁን ለራሳችሁ አድርጉት። አንድ ቅርንጫፍ ቁረጡና ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ዛሬውኑ አምጡልኝ።