ኮምፒውተር ቁጥር ሰባትና የእትዬ ፋይል መዝገብ

እትዬ ፋይልን በስሟ የሚያውቃት ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጣ አቧራ ስትምግ፣ የሰው ልጅ በሁለት እንደሚከፈል ደርሳበታለች፤ ወረቀት ወስዶ የሚፈርም አለ፣ ወረቀት ወስዶ የሚጠፋ አለ። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ጽሕፈት ክፍል ስለምሠራ፣ የጠፋው ወገን ሲረገም በየቀኑ እሰማለሁ።

አንድ ቀን አለቃችን ከስብሰባ ሥልጣኔ ይዘው መጡ። ስብሰባ ለሳቸው እንደ ጉንፋን ነው፤ በሄዱ ቁጥር አንድ ነገር ይዟቸው ይመለሳሉ። መዝገብ ቤቱ በኮምፒውተር ሊሠራ ነውና፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲፕሎማ ያላመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ሳሙናና መጥረጊያ ያድላል አሉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ማለት እትዬ ፋይል ማለት ነው። ሌላ የለም።

እሷም በአርባ ስምንት ዓመቷ የቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ ገባች። ኮሌጁ ያለው ዳቦ ቤት አናት ላይ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩም ተማሪውም አብሮ ይበስላል። ካሉት አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሰባቱ ናቸው፤ የቀሩት ለግርማ ሞገስ ነው። በሩ ላይ «ፍላሽ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፣ ለቫይረስ ጥንቃቄ። እኔ ግን የውስጡ እንዳይወጣ ይመስለኛል።

ቁጥር ሰባት ላይ አብሯት የተመደበው አንድ ስልክ ጠጋኝ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፣ ምላሱ ግን እጁን ይቀድማል። የሷን ነገር ባየ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል። ምክንያቱም እትዬ ፋይል ሰዓት ሲደርስ ከቦርሳዋ ወፍራም መዝገብ ታወጣና፣ በዕለቱ የሠሩትን በሙሉ ከስክሪኑ ላይ በእጇ ትገለብጣለች። ተራ ቁጥርና ቀን ትሰጠዋለች። ከዚያ እሱን ታስፈርመዋለች።

«እትዬ፣ ማሽኑ ያስታውሳል እኮ፤ እርስዎ ምን አደከመዎት?»

«የሚያስታውስ ከሆነ ምን አስፈራህ? ፈርም።»

ይፈርማል። ለጋብቻው እንኳ ይህን ያህል አልፈረምኩም እያለ ለክፍሉ ሁሉ ያወራል።

ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል የመመረቂያ ሥራቸውን ጀመሩ። ፋይል ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ የሚለውን የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ የማን ሐሳብ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሦስት ወር ለፉበት። ሊያቀርቡ ቅዳሜ ጠዋት ሲመጡ ሰባቱም ኮምፒውተሮች እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ሆነው ጠበቋቸው። ለካ ዓርብ ዕለት የጥገና ክፍል ተማሪዎች የተግባር ፈተና ነበራቸው። ፈተናው ደግሞ የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። አንድም ተማሪ አልወደቀም። ኮሌጁ እንዲህ ያለ አኩሪ ውጤት አይቶ አያውቅም።

መምህሩ በጣም አዝኛለሁ አለ። ኀዘኑን ከገለጸ በኋላ፣ ዛሬ ያላቀረበ ለከርሞ ይምጣ ብሎ ጨመረ። ከርሞ ማለት ለእትዬ ፋይል ሳሙና ማለት ነው።

«መምህር፣ እስከ ስንት ሰዓት አለን?» አለችው።

«እስከ አሥራ አንድ። ግን እትዬ፣ ከየት ያመጡታል?»

እትዬ ፋይል መዝገቧን ዘረጋች፣ ስልክ ጠጋኙን ኪቦርዱ ፊት አስቀመጠችና ከመመረቂያ ሥራው ተራ ቁጥር አንድ ጀምራ ታነብለት ገባች። ያ ሁሉ ምላስ ጸጥ ብሎ፣ ሰረዝ ስትል ሰረዝ፣ ቅንፍ ስትል ቅንፍ ይመታል። ምሳ አልበሉም፤ የዳቦው ሽታ ግን ከታች እየመጣ አብሯቸው ዋለ። ተራ ቁጥር ሃያ ላይ ሲደርሱ ቆመች። ያን እሑድ እኅቷ ታማባት ስለቀረች፣ መዝገቡን አደራ ብላ የሰጠችው ለሱ ነበር።

«ብዙ ተሠርቷል» ብላ አነበበች። ገጹን ገለበጠች፣ መለሰች። «ሌላ ምንም የለም። ፊርማ ግን አለ፤ ያምራል። ምንድን ነው የተሠራው?»

«እትዬ ይሙቱ፣ ያን ቀን ቸኩዬ ነው።»

«አየሁ። ቁጭ በልና አስታውስ። ማሽኑ ያስታውሳል ስትል አልነበር?»

ላቡ እስኪንጠባጠብ አስታወሰ። ሦስቴ ሞከረ፣ ሦስቴ እምቢ አለው፤ አራተኛው ላይ ሄደለት። የቀሩትን ተራ ቁጥሮች መትተው፣ አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፕሮግራሙ ተከፈተ። መምህሩ ወዲያ ወዲህ እየነካካ ቆየና፣ መጠባበቂያ ቅጂው የት አለ ብሎ ጠየቀ፤ የፈተናው ደንብ ስለሆነ ነው። እትዬ ፋይል መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገችው። መምህሩ ተራ ቁጥሮቹን አየ፣ ፊርማዎቹን አየ፣ ማርክ መስጫውን አወጣ። ከክፍሉ በዚያ ቀን ያቀረቡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ዲፕሎማዋን ለአለቃችን ስታስረክብ እኔም ደብዳቤ ላስፈርም ገብቼ ነበር። አገላብጠው አዩት። ሳሙና አዳይ ሊያጡ ስለሆነ ፊታቸው ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ ግን ቃል ቃል ነው። ኮምፒውተሩም መጥቷል፣ በካርቶኑ አለ። እንግዲህ ሥራውን ለመጀመር ምን እንዲገዛልሽ ትፈልጊያለሽ አሏት።

«ባለ አምስት መቶ ገጽ መዝገብ» አለች። «ለጊዜው ግን ዲፕሎማውን መቀበልዎን እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»